ሁለት ቁና አጃ

አርባ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አድያለሁ፣ በዱኔዲን ዳገት፤
የሰው ስም ሳነብ ነው ጉልበቴ ያለቀው፣ ዓይኔ የደከመበት።
የሌላውን ሁሉ፣ ከነቤት ቁጥሩ፣ ከነውሻው ሳውቀው፣
የራሴን ብጠየቅ፣ ካያቴ ወዲያ ጭጋግ ነው የማየው።

አባቴ ግን ያውቅ ነበር፣
ወይም ያወቀ ይመስለው ነበር።
ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣
በፖስታ የተገዛ፣ ጢስ የጠገበ የጎሣ ዓርማ፣
አጋዘን ከነቀንዱ።
እሑድ እሑድ ሲሞቀው በጣቱ እየጠቆመ፣
«የማክኦርን አለቃ ደም ነው እዚህ ቤት ያለው» እያለ
ድንች ያስልጠን ነበር።

«ማክ» ማለት «ወልደ» ነው፤
ከልጅነት ሌላ ትርጉምም የለው።
የማን ልጅ?
ይህን ይዤ ተነሣሁ በሰባ አንድ ዓመቴ፣
እህቴ ሂዊና የገዛችውን ባለመስመር ሻርፕ ባንገቴ።

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ቤርድ፣
ሳል የማያጣት፣ ከእርሳስ በቀር ቀለም የማታስገባ፣
«የሚመጣው ሁሉ የአለቃ ልጅ ነው» አለችኝ፣
«ሸማኔ የወለደው አንድም ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።»

ሦስት ቀን ወደ ኋላ ሄድኩ፦
ሂውን የወለደ ቶርኩዊል፣ ቶርኩዊልን የወለደ ኤነያስ፤
ሴቶቹ ያባታቸው ስም ላይ ጭራ ተቀጥሎላቸው፣
ዶናልዲና፣ ሂዊና፣
ወንድ ሲጠበቅ የመጡ።
ጣቴ ሰባት ቤት ሞላ።
ሰባተኛው ቤት በሩ ተዘጋ።

ማክኦርን የሚል የለም።
ኤዋን ይላል፣ የሸማኔው ልጅ፣ ከላይኛው ሸለቆ።
በሌላ መዝገብ ደግሞ፣ በግብሩ፣
ያው ኤዋን፣ ያው ጎጆ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር፣
«ኤዋን ማክኦርን»፤
ከጎኑ በቀጭን ጽሕፈት፦
«ስማችንን ስለያዘ፣ በወር ሁለት ቁና አጃ ይሰፈርለት።»

ወይዘሮ ቤርድ ሳሏን ዋጠች።
«ጎራዴ ያዥ ሲያንሰው፣ አለቃ ሰው በእህል ይገዛ ነበር» አለች።
«የተገዛው ሲበዛ፣ ጎሣ ይባላል።»

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እፍረቴ።
ታየኝ አጋዘኑ፣ ታየኝ ምድጃው፣ አባቴ፤
ያ ሁሉ የተላጠ ድንች!
መዝገቡን ልከድን ስል በእርሳሷ ጫፍ አስቆመችኝ።
«የቀብሩንስ?»

ከአጃው በፊት በነበረው ብርድ፦
የኤዋን ልጅ፣ ስም ያልወጣለት።
የኤዋን ልጅ፣ ሴት።
የኤዋን ልጅ፣ ሦስት ዓመት።
ከአጃው ወዲህ ግን ገጽ ብገልጥ፣ ገጽ ብገልጥ፣
ከዚያ ጎጆ የወጣ ሬሳ የለም።
በጥምቀት መዝገብ ብቻ፣ በግንቦት፣ አንድ መስመር፦ ኤነያስ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤
እኛን ነው ስም ከመቃብር በላይ ያዋለን፣
ተሸጦ፣
ተፈጭቶ፣
በእንጨት ማንኪያ ተበልቶ።

በማግስቱ ሸለቆው ወጣሁ፣ በዝናብ፣
የኪራይ መኪናዋን ጭቃ እስኪውጣት።
ጣሪያ የለም፤ ሳማ የወረሰው አራት ማዕዘን።
ሳማ ሰው የኖረበትን መሬት አይረሳም።
አንዲት በግ በበሩ ገባች፣ በበሩ ወጣች፣
ግድግዳ በሌለበት፣ ደጁን አክብራ።
ሐረግ ፍለጋ መጥቼ ሐረግ አገኘሁ፣
ድንጋይ ላይ የወጣ፣ እርጥብ፣ ባለቤት የሌለው።
ሻርፔን አውልቄ ጨመቅሁት። መልሼ አደረግሁት፤
ብርድ ነበር።

ማታ ለሂዊና ደወልኩ። እዚያ ጧት ነው።
«እህስ፣ የአለቃው ደም ነን?» አለችኝ ሰላም ሳንባባል።
ዓርማው አሁን እሷ ዘንድ ነው፤ ለገና ለገና ትወለውለዋለች።
ዝም አልኩ። ስልኩ ሽሽ ይላል።
«ቁርስ በላሽ?» አልኳት።
«እየበላሁ ነው።»
«ምን?»
«ምን እበላለሁ፣ የአጃ ገንፎ ነዋ!»
«ብዪ» አልኳት፣ «ይቀዘቅዝብሻል።»